ከስልጠናው በኋላ ምን ልመዝን?

አዋላጅ ነርሶችን ማሰልጠን ስጀምር መመዘኛዬ በመጨረሻው ቀን የማስሞላው ቅጽ ብቻ ነበር። ሁሉም «እጅግ በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት ያደርጋል፤ አበሉ በጊዜ ከተከፈለማ ውጤቱ ይበልጥ ያምራል። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ማስተዋወቅ በጀመረው ባለአራት ደረጃ ምዘና ይህ ገና የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም የሰልጣኞች እርካታ ነው፤ ዕውቀት፣ የሥራ ላይ ለውጥና ውጤት ይቀራሉ።

ዕውቀትን ለመለካት ከስልጠናው በፊትና በኋላ ያንኑ ፈተና ይስጡ። የእጅ ሥራ ግን በወረቀት አይፈተንም። አራስ ሕፃን አልተነፍስ ሲል በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት) አየር መስጠት መጀመር አለበት፤ ስለዚህ የመለማመጃ አሻንጉሊቱን ያቅርቡ፣ ሰዓት ይያዙ፣ በእርምጃዎቹ ዝርዝር ላይ ምልክት ያድርጉ፣ አፍዎንም ይዝጉ። ፍንጭ መስጠት የአሰልጣኝ ሁሉ አመል ነው፤ የእኔም።

ዋናው ሥራ ከሦስት ወር በኋላ ማዋለጃ ክፍል ድረስ መሄድ ነው። አንድ ጊዜ ያሰለጠንኳት አዋላጅ እያንዳንዱን እርምጃ ሳትሳሳት አሳየችኝ። «የክፍሉ አምቡ ባግ የታለ?» አልኳት። ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘችው ኃላፊ ምሳ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ በቅጼ ላይ «ዕቃው በስንት ሰከንድ እጅ ይገባል?» የሚል መስመር አለ።

የሞት መዝገቡንም ይዩ፤ ነገር ግን በትንሽ ጤና ጣቢያ የአንድ ወር ቁጥር ያታልላል። ቢያንስ የዓመት መዝገብ ይሰብስቡ፣ ስልጠናውን ካላገኘ ተመሳሳይ ጣቢያ ጋርም ያነጻጽሩ።