መኪናችሁን ይዛችሁ ባቡር ስትሳፈሩ

ቨርጂኒያ ልጅ ያለው የአዳማ ሰው ብዙ ነው። ልጆቹም ወላጅ ሲመጣላቸው ፍሎሪዳን ማሳየት ይወዳሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከአዳማ ጅቡቲ ተሳቢ ነድቻለሁ። ረጅም መንገድ ወገብ ይይዛል፣ እንቅልፍም ሳያስፈቅድ ይመጣል። ስለዚህ ልጆቻችሁን ሌሊቱን ሙሉ ከማስነዳት ኦቶ ትሬይኑን ያዙ።

አምትራክ የሚባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት የሚያስኬደው ባቡር ነው፤ ሰውን ከነመኪናው ይጭናል። ከሎርተን፣ ቨርጂኒያ አመሻሽ ላይ ተነስቶ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ይገባል። 1,376 ኪሎ ሜትር በ17 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። በአዳማ የሚያልፈው የኛ የጅቡቲ ሐዲድ 750 ገደማ ስለሆነ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። መኪና ያልያዘ ሰው አይሳፈርም፤ የኪራይ መኪና ግን ይሆናል።

ቲኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ለሰውም ለመኪናም ይከፈላል። ወንበር አለ፣ መኝታ ክፍልም አለ። ዕድሜው የገፋ ሰው መኝታውን ይያዝ ባይ ነኝ፤ እራትም በመኝታው ዋጋ ውስጥ ነው። ፉርጎው ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ጉልበት የሚያማችሁ ታችኛውን ክፍል ጠይቁ።

መኪና መቀበል የሚያቆሙት ባቡሩ ሊነሳ 2 ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ በፊት ድረሱ። ፖርቶ መጋላው ላይ ምንም አትጫኑ። አላርሙን አጥፉ። በር ላይ ቁጥር ይለጥፉበታል፤ ያንን ቁጥር በስልካችሁ አንሱት፣ የመኪናውንም አራት ጎን እንደዚሁ። ቁልፉን ለሠራተኛው ስጡ፤ ፉርጎ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር። መኪናው አንዴ ከተጫነ እስከ ማግስቱ አታገኙትም። እንግሊዝና ፈረንሳይን በሚያገናኘው የባሕር ሥር ባቡር ሰው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ 35 ደቂቃ ተጉዞ ይወርዳል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ የሌሊቱን ቦርሳ ቤት እያላችሁ ለብቻ አዘጋጁ። መጀመሪያ መድኃኒት። ባለቤቴ የግፊት ኪኒኗን ሻንጣ ውስጥ አትከትም፤ በእጅ ቦርሳዋ ነው የምትይዘው፣ እናንተም እንደሷ አድርጉ። ፓስፖርት፣ ቻርጀር፣ መነጽር፣ ነጠላ ጫማ። ኤሲው ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ጾም ከሆነ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይጥፋ፤ የራስን ምግብ በራስ ወንበር መብላት ይፈቀዳል።

ሳንፎርድ ስትደርሱ መኪና የሚወርደው በተጫነበት ተራ አይደለም። ቀድሞ የገባ ኋላ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ስለሚችል ለዚያ ጠዋት ቀጠሮ አትያዙ። የቸኮለ ሰው ተጨማሪ ከፍሎ ቅድሚያ ማስያዝ ይችላል። ቁጥራችሁ ሲጠራ መኪናውን ከፎቶው ጋር እያስተያያችሁ ዙሩት። ጭረት ካያችሁ ከግቢው ሳትወጡ እዚያው ለሠራተኛው ንገሩ።