የሮማሬ ቢርደንን «ዘ ብሎክ» ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ዘ ብሎክ» አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮማሬ ቢርደን እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራው ኮላዥ፣ ማለትም ወረቀትና ፎቶ ቆርጦ በመለጠፍ የተሠራ ሥዕል ነው። የኒውዮርክ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር በሆነው ሃርለም ውስጥ ያለ የሌኖክስ ጎዳና አንድ ክፍል በስድስት ሰሌዳ ላይ ተዘርግቷል፤ ፀጉር ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ደጅ የሚጫወቱት ልጆች ሁሉ አሉበት። በጣም ስለምወደው፣ ሰው በጥድፊያ አይቶት ሲያልፍ ይከነክነኛል።

አንዱ ስህተት በስልክ አይቶ «አየሁት» ማለት ነው። ሥራው አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። ስልክ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፤ በየመስኮቱ ያሉት ሰዎች ይጠፋሉ። ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ አስፍታችሁ፣ አንዱን ሰሌዳ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ።

ሁለተኛው ይብሳል፦ «ይሄማ ቆርጦ መለጠፍ ነው፣ ማንም ይሠራዋል።» እስቲ ፊቶቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቢርደን አንድን ፊት ከተለያዩ ፎቶዎች ቁርጥራጭ መገጣጠም ይወዳል። ዓይኑ ከአንዱ፣ አገጩ ከሌላው ይመጣል። መጠናቸው አይመጣጠንም፤ ፊቱ ግን ሕያው ነው። በዚህ ሥራ የታተመ ወረቀት፣ ባለቀለም ወረቀት፣ እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ ወረቀትና የፎቶ ቅጂ ተለጥፏል። በላዩም እርሳስ፣ ቀለምና ብሩሽ ገብቶበታል። ሰውዬው በወጣትነቱ ከጀርመናዊው ሠዓሊ ከጆርጅ ግሮስ ዘንድ ተምሯል፣ ለዓመታት ሥዕል ሥሏል። በኮላዥ የታወቀው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በ1963 «ስፓይራል» ለተባለው የጥቁር ሠዓልያን ስብስብ «አብረን ኮላዥ እንሥራ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የቡድን ሥራው አልሆነም፤ እሱ ግን ገፋበት።

ሌላው ደግሞ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ማስረጃ ቆጥሮ «ይሄ የትኛው ሕንፃ ነው?» እያሉ መፈለግ ነው። እርግጥ ቢርደን መነሻ ንድፎቹን የሠራው ከወዳጁ ከጸሐፊው ከአልበርት መሪ በረንዳ ላይ ሆኖ፣ መንገዱን ቁልቁል እያየ ነው። ግን ከበረንዳ የማይታየውንም አስገብቷል። ግድግዳውን ከፍቶ የቤቱን ውስጥ ያሳያችኋል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለቀስተኛ ተሰብስቧል፤ ከሕንፃው በላይ ደግሞ መላእክት አሉ። እኔ ብዙ የምቆየው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ሐዘኑና ተስፋው አንድ ሰሌዳ ላይ ናቸው።

ድህነትን ብቻ አይቶ መመለስም አለ። ቢርደን ለረጅም ዓመታት የኒውዮርክ ከተማ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበር። የሰው ችግር አልጠፋውም። ሆኖም በመስኮቶቹ ፍቅረኞችን፣ ደረጃው ላይ ጨዋታ የያዙ ሰዎችንም አስቀምጧል። እነሱን ዘሎ «ምስኪኖች» ማለት ሥራውን መግፈፍ ነው።

ድምፁንም አትርሱ። በ1971 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲታይ የተቀዳ የመንገድ ድምፅ አብሮት ይሰማ ነበር።

ዛሬ ሥራው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ንብረት ነው። ወረቀትን ብርሃን ስለሚጎዳው ሁልጊዜ ለዕይታ አይቀርብም። ስለዚህ ኒውዮርክ ካላችሁ ወይም ለመሄድ ካሰባችሁ፣ መሰቀሉን ድረ ገጻቸው ላይ ሳታረጋግጡ አትነሱ።