የድሮ ጭቃ ቤት ማድ ቤት ሲታደስ

ማድ ቤቱን እናድስ ስትሉ ግንበኛው መጀመሪያ የሚላችሁ «በስሚንቶ እንለስነው» ነው። እባካችሁ እንዳትሰሙት። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። ስሚንቶ ሲለሰንበት መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይርሳል፣ ቋሚውና ማገሩ ይበሰብሳል። እናቴ ቤት የሆነው ይኸው ነው፤ ልስኑን ስናነሳው የባህር ዛፉ ቋሚ በእጅ ይፈረፈር ነበር።

ስለዚህ ከእርጥበቱ ጀምሩ። ግድግዳው ከታች ከረጠበ ውጭውን እዩት፦ ወይ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ እግሩ ስር ያርፋል፣ ወይ አፈሩ ከድንጋይ መሰረቱ በላይ ተቆልሏል። አፈሩን ዝቅ አድርጉ፣ ቦይ አውጡ። ይህ ሳይስተካከል ቀለም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ ምርጊት። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁና እየረገጣችሁ ለቀናት አቆዩት፤ መሽተት ሲጀምር ደርሷል፣ ደህና አድርጎም ይይዛል። በስሱ፣ በሁለት ዙር ምረጉ። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። ብዙ ከተሰነጣጠቀ ጭድ ጨምሩ። ላዩን ኖራ ቀቡት እንጂ ፕላስቲክ ቀለም አታስነኩት፣ እሱም ያፍነዋል።

ካቢኔት ግድግዳው ላይ አትስቀሉ፣ ጭቃ ሚስማር አይዝም። ሲንኩም የራሱ እግር ይኑረው። የድሮ ቡፌ ካላችሁ ከአዲስ ካቢኔት ይበልጣል፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ከቤቱም ጋር ይሄዳል። መደርደሪያ የግድ ከሆነ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ ቋሚውን ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ። የውሃ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩ፤ በላይ ሲሄድ አያምርም ይሆናል፣ ግን ሲያፈስ ቶሎ ታዩታላችሁ። ከሲንኩ ጀርባ ሴራሚክ ካማራችሁ ጭቃው ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ በቆመ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

መብራቱን ለባለሙያ ስጡ። 3500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፣ የድሮው ሽቦ ይህን አይችልም። ምጣዱ ከቆጣሪው የሚመጣ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ግድግዳችሁ እንጨትና ጭድ መሆኑን አትርሱ።

በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለችውን ክፍተት ግን «ብርድ ታስገባለች» ብላችሁ እንዳትደፍኗት። የጭሱና የእንፋሎቱ መውጫ እሷ ናት። አይጥ ካስቸገረ ወንፊት ሽቦ ምቱባት።