ባህር ዳር ለፕራክቲከም እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ከሆነ

ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ገብታችሁ ማስተማር ልትለማመዱ የምትወጡ ልጆች፣ መጀመሪያ የምላችሁ ሰሌዳውን በግራመር ሞልታችሁ አትጀምሩ፣ ተማሪው ይገለብጣል እንጂ አይናገርም። በሚያውቁት ጀምሩ፣ ጣና፣ ታንኳ፣ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ፣ አሳ ሻጮቹ፣ አንዱን ሰሌዳ ላይ ሳሉትና ምን ይታያችኋል በሏቸው፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻም ቢመልሱ ተቀበሉ።

ከዛ አረፍተ ነገር ስሩ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያመጣው፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከባለቤቱ ቀጥሎ፣ ስለዚህ ሶስት ልጅ ቃል የተፃፈበት ወረቀት አስይዛችሁ ፊት አቁሙና ክፍሉ ቦታ ያቀያይራቸው፣ በጣም ነው የሚሰራው! ተማሪ ከበዛ በየዴስኩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያውሩ፣ ጫጫታው አያስፈራችሁ።

ሲሳሳቱ መሀል ላይ አታቋርጧቸው፣ ማንም ጓደኛው ላይ እንዳይስቅ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፣ እኔ ይሄን ከምንም በላይ ነው የማየው፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ እኮ ባዮሎጂውም ሂሳቡም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣባቸው፣ አሁን አፋቸው ካልተፈታ ያኔ ዝም ነው የሚሉት። አማርኛ መጠቀምም ነውር አይደለም፣ ትዛዙ ካልገባቸው ባጭሩ ንገሯቸውና ወደ እንግሊዝኛው ተመለሱ። ሌሰን ፕላናችሁን ደግሞ ለሜንተራችሁ፣ ማለትም እዛ ለሚከታተላችሁ መምህር፣ ቀደም ብላችሁ አሳዩ።