የቡርጎኝ ወይን ስትቀምሱ ዓመቱን አትለፉት

የፈረንሳዩን የቡርጎኝ ወይን የምትቀምሱ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት ሳታዩ አትክፈቱ። እዚያ ባብዛኛው ቀዩ ፒኖ ኑዋር ከሚባለው የወይን ዝርያ ብቻ፣ ነጩም ሻርዶኔ ከሚባለው ብቻ ነው የሚሠራው። ጉድለቱን የሚሸፍንለት ሌላ የወይን ዝርያ አይቀላቀልበትም። የዓመቱ ፀሐይና ብርድ ብርጭቆው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል።

ከአንድ መንደር፣ ከአንድ አምራች የ2020 እና የ2021 (እ.ኤ.አ.) ቀይ ወይን ጎን ለጎን ቅመሱ። 2020 ሞቃትና ደረቅ ነበር፤ ለቀማው ኦገስት ላይ ተጀመረ። ወይኑ ጠቆር፣ ወፈር ያለ ነው፤ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። በ2021 ግን እምቡጡ ገና ብቅ እንዳለ ኤፕሪል ላይ ውርጭ መታው። ገበሬዎቹ በየመደቡ መሀል ትልልቅ ሻማ ሲያነዱ ቢያድሩም ምርቱ ክፉኛ ቀነሰ፤ በተለይ ቀድሞ የሚያቆጠቁጠው ሻርዶኔ ተጎዳ። የተረፈው ቀይ ወይን ፈካ ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ኮምጠጥ ብሎ ምራቅ የሚያስመጣ ነው። ደካማ ዓመት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከምግብ ጋር ከሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ቀዩንም ቢሆን ከመክፈታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ ላይ የሚወጣው።

የዘንድሮውን ተክል መከታተል ከፈለጋችሁ ደግሞ አበባው መቼ እንደወጣ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ጁን አካባቢ ነው። ከዚያ 100 ቀን ገደማ ቁጠሩ፤ ለቀማው ያኔ ይደርሳል። በጣም ሞቃት በሆነ ዓመት ከዚያም ይቀድማል።