የኢንዲ ፖፕ አልበም ሂሶችን አሰባስቦ መጻፍ

አንድ የኢንዲ ፖፕ (ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የተወለደ የፖፕ ዘውግ) አልበም ከወጣ በኋላ «ሃያስያን ምን አሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጽሑፍ ስታዘጋጁ፣ የሃያስያንን ነጥቦች ሰብስቦ አማካይ የሚያወጣውን የሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ቁጥር ገልብጦ «መልካም አቀባበል አግኝቷል» ብሎ መደምደም ይቀላል። ለአንባቢ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ሃያስያኑ በምን እንደተስማሙ፣ በምን እንደተለያዩና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ነው።

መጀመሪያ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2015 ወዲህ አዳዲስ አልበሞች በአብዛኛው የዓለም ክፍል ዓርብ ዓርብ ይወጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎችም በዚያው ቀን ወይም ጥቂት ቀደም ብለው ይደርሳሉ። አልበሙን አስቀድመው ያገኙ ሰዎች ለቀን ገደብ ተጣድፈው የጻፏቸው ይበዙባቸዋል። ረጋ ተብለው የተጻፉት ኋላ ነው የሚመጡት። ሁለት ሳምንት ብትታገሡ ሁለቱንም ዓይነት ታገኛላችሁ።

ከ8 እስከ 12 ግምገማ ይበቃል። ባንዱ ብዙም የማይታወቅ ከሆነ 4 ወይም 5 ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያኔ ቁጥሩን በግልጽ ጻፉ እንጂ ለማሟላት ብላችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ አትጨምሩ። ሁሉንም ከምንጩ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ከዚያ በኤክሴል ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ስጡ፦ መጽሔቱ፣ ቀኑ፣ በራሱ መለኪያ የሰጠው ነጥብ፣ ያወደሰው፣ የነቀፈው፣ በስም የጠቀሳቸው ዘፈኖች። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። አምስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዘፈን ካነሱ ጽሑፋችሁ ያንን ዘፈን ሊያልፈው አይገባም። ዘፈኑ ከአልበሙ ቀድሞ የተለቀቀ ነጠላ ዜማ ከሆነ ግን ጠርጥሩ፤ የተጠቀሰው ከሌሎቹ ስለበለጠ ሳይሆን ቀድሞ ስለተሰማ ሊሆን ይችላል።

ነጥቦቹን ወደ መቶ ለመመለስ ከ5 ኮከብ የተሰጠውን በ20፣ ከ10 የተሰጠውን በ10 አባዙ። በፊደል የተሰጠውን ሜታክሪቲክ በራሱ ሠንጠረዥ ይቀይረዋል፤ ቢ ፕላስ ለምሳሌ 83 ይሆናል። እንበልና 4 ኮከብ፣ 7.4፣ 3 ኮከብ፣ ቢ ፕላስ እና 8 አገኛችሁ። ሲመለሱ 80፣ 74፣ 60፣ 83 እና 80 ናቸው፤ ድምራቸው 377፣ አማካያቸው 75.4። ባለ 3 ኮከቡን ብታወጡት አማካዩ 79.25 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ወደ 4 ነጥብ የሚጠጋ አንቀሳቀሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ግምገማው ጥቂት ሲሆን አማካዩን ዋና ነገር አታድርጉት። ስሌታችሁ ከሜታክሪቲክ ጋር ባይገጥም አትደናገጡ። ድርጅቱ ለአንዳንዱ መጽሔት ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ መጠኑንም አይገልጽም። ግምገማው ከ4 በታች ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ነጥብ አያወጣም።

የስያሜዎቹም ነገር አለ። በሜታክሪቲክ ከ61 እስከ 80 ያገኘ አልበም «በአመዛኙ መልካም»፣ ከ81 ጀምሮ ያለው «የሁሉ አድናቆት» በሚል ስያሜ ይመደባል። በ80 እና በ81 መካከል ጆሮ የሚለየው ነገር የለም። ከ10 ነጥብ የሚሰጠው የሙዚቃ መጽሔት ፒችፎርክ 7.4 እና 7.6ም እንደዚያው ናቸው፤ በነጥብ ልዩነት ላይ ክርክር መገንባት ከንቱ ድካም ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ነቀፌታና ውዳሴውን በጉዳይ መመደብ ላይ ነው፦ ዜማ፣ ግጥም፣ አዘፋፈን፣ ቅንብር፣ የቀረጻ ጥራት። በኢንዲ ፖፕ ጠቡ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከመጨረሻው ነው። የእንግሊዙ የሙዚቃ መጽሔት ኤንኤምኢ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲ86 የተባለውን የ22 ባንዶች ካሴት ካወጣበት ጊዜ አንሥቶ፣ በርካሽ የተቀዳ ሻካራ ድምፅ፣ የሚያቃጭል ጊታርና ያልተሞረደ አዘፋፈን በዚህ ዘውግ እንከን መሆናቸው ቀርቶ መለያ ሆነዋል። ባንዱ ትልቅ ስቱዲዮ ገብቶ ሲንተሳይዘርና ጥርት ያለ ከበሮ ሲጨምር አንዱ ሃያሲ «በሰሉ» ይላል፣ ሌላው «ለዛቸው ጠፋ» ይላል። ሁለቱም የሰሙት ያንኑ ድምፅ ነው፤ ከባንዱ የጠበቁት ነው የተለያየው። ስለ ቀረጻው የተጻፉትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ለይታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው፣ ባለ 8ቱና ባለ 6ቱ ስለ አንድ ነገር እንደሚያወሩ ወዲያው ይታያችኋል።

ስትጽፉ «ሃያስያን አልበሙን ወደዱት» አትበሉ። «ከአምስቱ አራቱ ዜማዎቹን አወድሰዋል፤ ከአራቱ ሁለቱ ግን የከበሮው ድምፅ ድምፃዊዋን ሸፍኗታል ባይ ናቸው» ብትሉ ቁጥርም ምክንያትም አለው። ጥቅስ ስትወስዱ «ግን» የሚለውን ቃል ተከታተሉ፤ ውዳሴውን ቆርጦ ከ«ግን» በኋላ ያለውን መተው ማስታወቂያ ያደርገዋል። ሦስት ግምገማዎች አንድ ዓይነት ሐረግ ከደጋገሙ የባንዱን የፕሬስ መግለጫ ፈልጉ። ሐረጉ እዚያ ካለ እንደ ሦስት ምስክር አትቁጠሩት። የአድማጮች ድምፅ ከሃያስያኑ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ፍርድ እንደሚለወጥም አስቡ። ፒችፎርክ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካዊቷ ድምፃዊት ሊዝ ፌር አልበም 0.0 ሰጥቶ ነበር፤ በ2021 ቀድሞ የሰጣቸውን የተወሰኑ ነጥቦች ሲከልስ ያንኑ አልበም 6.0 አደረገው። ስለዚህ ከጽሑፋችሁ ግርጌ ስንት ግምገማ እንዳያችሁና እስከ የትኛው ቀን እንደሰበሰባችሁ አስፍሩ። ዲሴምበር ላይ የዓመቱ ምርጥ አልበሞች ዝርዝር ሲወጣም ተመልሳችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት።