እንግሊዝ አገር የሳይኮሎጂ ማስተርስ ለምትጀምሩ፦ በክረምቱ ምን ታጠናላችሁ?

ከውጭ አገር ሄዶ እንግሊዝ ውስጥ በሳይኮሎጂ ማስተርስ የሚጀምር ተማሪ ክረምቱን የፍሮይድንና የፒያዤን ንድፈ ሐሳብ በመከለስ ቢያሳልፈው ጊዜውን ያለ ቦታው አውሎታል። ንድፈ ሐሳቡን ትምህርት ቤቱ ያስተምራችኋል። የሚከብደው ስታቲስቲክስና ጽሑፍ ነው። ትምህርቱ ባብዛኛው መስከረም አጋማሽ አካባቢ ስለሚጀመር ሐምሌ መግቢያ ላይ ከተነሣችሁ 11 ሳምንት ያህል አላችሁ።

መጀመሪያ የገባችሁበት ፕሮግራም ምን ዓይነት እንደሆነ አጣሩ። «ኮንቨርዥን» የሚባለው ማስተርስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው በሌላ ሙያ ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የብሪታንያ ሳይኮሎጂ ማኅበር (ቢፒኤስ) ዕውቅና የሰጠው ከሆነ፣ አልፋችሁ ስትጨርሱ «ጂቢሲ» የሚባለውን፣ የማኅበሩ ቻርተርድ አባል ለመሆን መነሻ የሆነውን ብቃት ያስገኝላችኋል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ወደ 3 ዓመቱ የዶክትሬት ሥልጠና የሚያመለክት ሰው ይህን ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ በሳይኮሎጂ የተመረቃችሁ ደግሞ ዲግሪያችሁን እንዲገመግምላችሁ ማኅበሩን በጊዜ ጠይቁ፤ ማስተርሱ ብቻውን ጂቢሲ ላያስገኝ ይችላል።

የሥራው ብዛት ይህን ይመስላል፦ ማስተርሱ 180 ክሬዲት ነው፣ አንዱ ክሬዲት በ10 ሰዓት ሥራ ይታሰባል፤ ድምሩ 1,800 ሰዓት፣ ባብዛኛው በ12 ወር ውስጥ። ማለፊያው ከ100 50 ነው። 70ና ከዚያ በላይ ከፍተኛው ማዕረግ (ዲስቲንክሽን) ስለሆነ 65 ስታገኙ አትደንግጡ፤ ጥሩ ውጤት ነው።

ለስታቲስቲክስ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ መድቡ። የመጀመሪያዎቹን 3 ሳምንታት በእጅ አስሉ። 4፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12ን ውሰዱ። አማካያቸው 8 ነው። እያንዳንዱ ከ8 የሚርቅበትን ልዩነት በራሱ አባዝታችሁ ስትደምሩ 40 ይመጣል፤ በ4 ስታካፍሉት 10፤ የ10 ስኩዌር ሩት 3.16 ነው፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው) ይኸው ነው። 2.83 ከመጣባችሁ በ4 ፈንታ በ5 አካፍላችኋል ማለት ነው። ከናሙና ስናሰላ ከቁጥሩ አንድ የምንቀንስበትን ምክንያት ሳይረዱ ወደ ኮምፒውተር የሚሮጡ ሰዎች በኋላ የ«ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም» (በነጻነት ሊለዋወጡ የሚችሉ ቁጥሮች ብዛት) ነገር ይጠፋባቸዋል።

ቀጣዮቹን 3 ሳምንታት ለቲ-ቴስት (የሁለት አማካዮች ማወዳደሪያ)፣ ለኮሪሌሽን (የሁለት ነገሮች ዝምድና መለኪያ) እና ለአኖቫ (የብዙ ቡድኖች አማካይ ማወዳደሪያ) ስጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ፒ-ቫሊዩን ነው። 0.03 ማለት «መላ ምቴ ስሕተት የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታየው ከ100 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን በአማርኛ ለጓደኛችሁ ማስረዳት እስክትችሉ አትለፉት። የናሙና መጠንንም አብራችሁ ተማሩ፦ ኢፌክት ሳይዙ (የልዩነቱ ትልቅነት) 0.5 የሆነን የሁለት ቡድን ልዩነት በ80 በመቶ ፓወር (ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል) እና በ0.05 የፒ-ቫሊዩ መስፈርት ለማግኘት በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ጂ-ፓወር በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ራሳችሁ አረጋግጡት።

ቀጥሎ ሪግሬሽን (አንዱን ነገር ከሌሎች ተነሥቶ መተንበያ) ነው። ዲፓርትመንታችሁ ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ኤስፒኤስኤስን ወይስ አርን እንደሚጠቀም ጠይቃችሁ አንዱን ብቻ ያዙ። እስከዚያ ድረስ ጃስፕ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በነጻ ይወርዳል፣ ለመለማመድም ይበቃል።

ጎን ለጎን በሳምንት 2 የጥናት ጽሑፎች አንብቡ። ከአጭር መግለጫው ቀጥሎ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ፣ ከዚያ የጥናቱን ዘዴና ሠንጠረዦቹን እዩ። ውይይቱን በመጨረሻ አንብቡት፣ አለዚያ የጸሐፊውን ድምዳሜ ይዛችሁ ቁጥሩን ታያላችሁ። መጠራጠር ተገቢ ነው፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ትልቅ ሥራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች ሲደገሙ በስታቲስቲክስ ትርጉም ያለው ውጤት የታየባቸው 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ጽሑፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ዝጉትና 250 ቃል ያህል ትችት ጻፉ። ከፍታችሁ ከጻፋችሁ ቃላቱን ብቻ ትለዋውጣላችሁ፤ ያ ደግሞ ምንጩ ቢጠቀስም የሰው ጽሑፍ መቅዳት ተብሎ ሊያስቀጣ ይችላል። «ናሙናው ትንሽ ነው» የሚለው ብቻውን ትችት አይባልም፤ በየትኛው ውጤት ላይ ምን ጉዳት እንዳመጣ መናገር አለባችሁ። ምንጭ አጠቃቀስን በኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር መመሪያ) 7ኛ እትም ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ።

ለመመረቂያ ጥናታችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ መረጃ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ አንድ ጥብቅ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይፈቅድ የተሰበሰበ መረጃ ጥቅም ላይ አይውልም፣ ስለዚህ ወደ እንግሊዝ ከመሄዳችሁ በፊት አንድም ሰው መጠይቅ እንዳትሰጡ። መጠይቁን ወደ አማርኛ ስትመልሱም ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው፤ ሁለቱን እንግሊዝኛ ስታስተያዩ የሳተው ጥያቄ ራሱን ያወጣል። «ዲፕሬስድ» የሚለውን ቃል አንዱ «ድብርት»፣ ሌላው «ኀዘን»፣ ሌላው «ጭንቀት» ይለዋል፤ ሦስቱ የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም።